የድንቡሼ ጀሪካን

ነርሷ ውጤቱን ሁለቴ አነበበችው። ጥናቱ ቀላል ነበር፤ ሥጋና አይብ የሚያበዙ ጤነኛ ልጆች፣ ምግቡ ሰውነታቸው ውስጥ አሲድ ሲያበዛ የጭንቀት ሆርሞናቸውም ይጨምር እንደሆነ ማየት ነው። ልጆቹ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንታቸውን በትንሽ ጀሪካን ያጠራቅማሉ፣ እሷ ቤት ለቤት ዞራ ትሰበስባለች። የሌሎቹ ሆርሞን ከፍ ዝቅ ያለ ነው። የስምንት ዓመቷ የድንቡሼ ግን ጣሪያ ነክቷል።

«ሥጋ ነዋ!» አለ ዶክተሩ። «የሥጋ ቆራጭ ልጅ ጎመን ትብላ እንዴ?»

«ሥጋ ትንሽ ከፍ ያደርገው ይሆናል እንጂ እንዲህ አይሰቅለውም፣ ዶክተር። ይቺ ልጅ በፍርሃት ነው የምትኖረው።»

ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ቶሎ ካላወጣኋት ይገድላታል ብላ አመነች። ማን እንደሚገድላትም አልተጠራጠረችም። ጢም ያለውን ጀሪካን ልትወስድ የሄደች ዕለት አባትየው ደም የነካው ሽርጥ እንዳገለደመ ነበር የከፈተላት። ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። «የሥጋ መስቀያው መትቶኝ ነው» አላት። እሷ ግን ቡጢ ያረፈበትን ፊት አይታ ታውቃለች፤ የመጠጥ ቤት ጠበኛ ነው አለች።

ውጤቱን ባየች ማግስት ከሰዓት ተመልሳ ሄደች። ወለሉ ላይ የተፈረካከሰ ሳህን አለ። እናትየዋ ትጠርጋለች፤ የቀኝ እጇ ጣቶች ቡጢ መጨበጫቸው ላይ አብጠዋል። ምስኪን፣ ስትከላከል ነው፣ አለች ነርሷ በልቧ።

«ምን ላድርግ ሲስተር» አለች እናትየዋ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ችለን ነው የምንኖረው።»

ነርሷ የድንቡሼን እጅጌ ሰብስባ አየች። አንድ ጭረት የለባትም። ሰውየው ምልክት ሳይተው መምታት ይችልበታል ማለት ነው።

በዚህ መሀል ድንቡሼ የያዘችው ብርጭቆ አመለጣት። አባትየው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሳና «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰበርኩት!» አለ። ነርሷ በዓይኗ በብረቱ እያየች! እንግዳ ፊት ደግ አባት ለመምሰል፤ አይ ድፍረት! ደሟ ፈላ።

«ልጅህን ትመታለህ?»

ሚስቱን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

ነርሷ ሁለት ፖሊሶች ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ወደ ልጁ እጁን ሲዘረጋ አንደኛው በዱላ ክርኑን አለው። ሌላው ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ሲወድቅ ጎኑን ረገጡት።

«ልጄን ትታችኋት እንዳትሄዱ!» እያለ ጮኸ። «በእናታችሁ፣ ትታችኋት እንዳትሄዱ!»

«አሁን ገና አሰብክላት?» አለችው ነርሷ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲመቱት አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በአንገትጌው ጎትተው መኪናው ላይ ወረወሩትና ሄዱ።

ነርሷ ተንበርክካ ድንቡሼን አቀፈቻት። እናትየዋ ልጅቷን ልታስገባ በሩን ይዛ ቆማለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ ከእማዬ ጋር ብቻ ነሽ። ምን አስፈራሽ?»

ድንቡሼ ጆሮዋ ሥር ተለጥፋ በሹክሹክታ፣ «ጀሪካኑን እኔ ደፋሁት» አለቻት፤ «እማዬ እንዳትገድለኝ ብሎ አባዬ ነው የራሱን ሽንት የሞላበት።»