ከአፍ ያልደረሰ ጉርሻ

አመተ ሥላሴ ሁለቱን ወንድሞቿን ከአንድ ማዕድ ያስቀመጠቻቸው በጨዋታ አሳብባ ነበር። ላእከና ፍሥሐ በእናታቸው ቤት ውርስ ፍርድ ቤት ተካሰው፣ ታናሽዬው ፍሥሐም በሐሰት ከመሰከረ ወዲህ ሰላምታ አልተለዋወጡም። አሁን ግን ማንነትን ለጊዜው የሚያስረሳውን ባለ ብርሃን የጨዋታ ጥብጣብ በግንባራቸው ስላሰሩ፣ የሚያውቁት በጨዋታው የሆኑት ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ላእከ ነጋዴ፣ ፍሥሐ የበቅሎ ጫኙ ሆነዋል። ሁሉን የምታውቅ ተራኪዋ እርሷ ብቻ ናት።

«ወንዙ ሞልቷል፤ እስኪጎድል እዚሁ ምሳ ብሉ» አለች፣ የእውነቱን ምሳ እያቀረበች።

«ይህ ጫኝ ባይኖር ኖሮ እኔንም በቅሎዬንም ውኃ ወስዶን ነበር» አለ ላእከ።

«በቅሎዋስ መዋኘት ታውቃለች፤ ያስቸገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ላእከ ከልቡ ሳቀ። «ወንድም ቢኖረኝ እንዳንተ ያለ በሆነ» ብሎ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ።

አመተ ሥላሴ ትረካውን ማስረዘም አማራት። ነገር ግን የደረሰበትን በደል ያላወቀ ሰው ይቅር አለ እንደማይባል ከልጅነቷ ተምራለች፤ የምትመኘውም ላእከ ወንድሙን አውቆ እንዲያጎርሰው ነበር።

«ወንዙ ጎደለ፤ ጨዋታው አበቃ» አለች።

የጥብጣቦቹ ብርሃን ጠፋ። የላእከ እጅ ከፍሥሐ አፍ አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ…» አለ ፍሥሐ፣ ዐይኑን ሰብሮ።

አመተ ሥላሴ እስኪጎርስ እንኳ ብትታገሥ ምን ነበረበት!

ላእከ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው፤ ማላመጥ ግን አቃተው።