የደጊቱ ፊት በስቶን

የደጊቱን አፍንጫ ለሦስተኛ ጊዜ እደመስሰዋለሁ። ኮምፒውተሩ ከፎቶዋ ላይ መስመር እንዲያወጣልኝ ባዘዝኩት ቁጥር አፍንጫዋን ወስዶ ከንፈሯ ላይ ይተክልባታል። "ቆይ አንተ፣ ዓይን የለህም?" እለዋለሁ።

ወዲያው ከንፈሬን እነክሳለሁ። ከኋላዬ፣ የደንበኛ ወንበር ላይ፣ የደጊቱ አባት ኦቦ ፈየራ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኖታል።

"እኔን ነው?" ይላሉ እየሳቁ።

"ኧረ በስመአብ! ኮምፒውተሩን ነው አባባ።"

"እሺ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው። "ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ይለምዳል።"

ጠዋት የባምባሲ ሚኒባስ ሹፌር እጃቸውን ይዞ አሶሳ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሱቄ አድርሷቸው ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይወስዳቸዋል። ይዘው የመጡት ሁለት ነገር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት ነጭ ሸሚዝና ደጊቱ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የተነሳችው ጉርድ ፎቶ። ሌላ ፎቶ የላትም። አምና ክረምት በወባ ስትሞት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ሲስሙ እጃቸው ቀሚሷን ይነካል። ደረቷ ላይ በስቶን፣ በእነዚያ በሚያብለጨልጩ የብርጭቆ ጠጠሮች፣ የሠራሁላት አበባ ነበር። "አበባው ታየኝ!" ብለው ሰዉን ሁሉ አስቸገሩ አሉ፤ ስልኬን አፈላልገው ደወሉልኝ። "ፊትስ ይሠራል?" ሲሉኝ፣ "ምን ችግር አለው አባባ፣ ቀላል ነው!" አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"ከትምህርት ቤት ስትመጣ በዚህ እጄ ነበር የማያት" ይላሉ አሁን፣ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። "ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አፍንጫዋን። ከስታ ከሆነ አውቃለሁ። አልቅሳ ከሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን እጄ እየረሳት ነው። ደረቴ ላይ ከሆነች ሁልጊዜ አያታለሁ ብዬ ነው።"

ወደ ሥራዬ እዞራለሁ።

አፍንጫው በስንት ልመና ቦታውን ሲይዝ መስመሩን ሁሉ ወደ ነጠብጣብ እለውጠዋለሁ፤ እያንዳንዷ ነጥብ የአንዲት ስቶን ቦታ ናት። ነጭ ጨርቅ ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ ጥቁሩ በጥቁር ስቶን ይሞላል፣ ብሩሁ ባዶ ይተዋል። መቁረጫ ማሽኑ ነጥቦቹን ወፍራም ወረቀት ላይ ይበሳልኛል። ስቶኑን ወረቀቱ ላይ በትኜ በብሩሽ ስጠርገው እያንዳንዷ ቀዳዳዋን ታገኛለች። በማጣበቂያ ፕላስቲክ አነሳቸዋለሁ፣ ሸሚዙ ደረት ላይ አስተኛቸዋለሁ፣ የጋለውን ማተሚያ እጫንባቸዋለሁ።

ፕላስቲኩን ስልጠው እኔው ራሴ እደነግጣለሁ። ደጊቱ ቁጭ! ሹሩባዋ፣ ዓይኗ፣ ፎቶ አንሺውን አፍራ የዋጠቻት ፈገግታ ሳትቀር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

"አባባ፣ መጣችልዎ!"

ብድግ ይላሉ። እጃቸውን ኮታቸው ላይ ሁለቴ ይጠርጋሉ። ጣቶቻቸውን ይዤ ሸሚዙ ላይ አሳርፋቸዋለሁ።

ከላይ ይጀምራሉ። "ይኼ ፀጉሯ ነው።"

"አዎ!"

"ሹሩባ ተሠርታለች።"

"አዎ አባባ!"

ጣታቸው ይወርዳል፤ ስቶኑ ያልቅና ጨርቁ ላይ ይንሸራተታል። ተመልሰው እንደገና ይወርዳሉ። እየፈለጉ አራት አምስት ጠጠር ያገኛሉ።

"ይኼስ?"

"ዓይኗ ነው።"

"ዓይን ጎድጓዳ አይደለም እንዴ?" ይላሉ ቀስ ብለው። ጣታቸው አሁንም ይፈልጋል። "አፍንጫዋስ?"

ወይ እኔ! ፎቶ አንሺው መብራቱን ፊቷ ላይ ለቆባታል፤ ግንባሯም አፍንጫዋም ጉንጯም ብሩህ ነው። ብሩሁን ደግሞ በደንቡ ባዶ ትቼዋለሁ፤ ያ ሁሉ የለመንኩለት አፍንጫ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጠጠር ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ሳፈጥበት፣ አንዴ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ አልዳሰስኩትም። አሁን ልሙላው? ብሞላውስ የጠጠር ሜዳ ከመሆን አያልፍም። የስቶን ቁመቱ ሁሉ እኩል ነው፤ አፍንጫ ከየት አባቱ ይወጣል?

"እዚህ ምንም የለም፣ ኢንተላ ኮ" ይላሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ።

ለሚያይ ሰው ራሷ ናት፣ ልበላቸው? በየትኛው አፌ? ውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋል።

"ባዶ አይደለም አባባ" እላለሁ፤ እንባዬ ይቀድመኛል። "እዚያ ጋ . . . ጉንጯ ነው።"

ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ባዶው ጨርቅ ላይ ሙሉውን ያሳርፉታል። ሸሚዙ ከማተሚያው ሥር የወጣው አሁን ነው።

"ሙቅ ናት" ይላሉ።

"ስርጉት! ዘገየን እኮ፣ አውጫቸው!" ይላል ሹፌሩ፣ ደግሞ እየነፋ።

በሩ ላይ ወጥቼ "አንተ፣ ጠብቅ!" ብዬ እጮኽበታለሁ። ጨርቅ ለመቀዝቀዝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።