የኋላው ዳዶ

የሞተሬን የማርሽ መርገጫ በእጄ ይዤ እነቀንቀዋለሁ። እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ ይወዛወዛል። ባለቤቴ ትናንት ማታ አጥብቄዋለሁ ብሎኝ ነበር። ትናንት ጠዋትም እንዲሁ ብሎኛል።

ስልኩ የተደወለው አሁን ነው፤ የአንዲት ነፍሰ ጡር እህት ናት፣ እህቴን ምጥ ጀምሯታል አለችኝ። ቤታቸው ዳገቱ አናት ላይ ነው፣ መኪና አይወጣውም። እኔን አዋላጅዋን እዚያ የምታደርሰኝ ይህች ሞተር ብቻ ናት።

ትናንት በዚያው ዳገት፣ ወደ ሌላ እናት ስሄድ፣ አንደኛ ማርሽ ስረግጥ ማርሹ ሳይገባ ፎሌ ላይ ቀረችና ጉልበት አጥታ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ገፍቼ ስደርስ ሕፃኑ ቀድሞኝ ተወልዷል፣ እናቲቱ ደም ይፈሳታል። ተረፈች፣ ተመስገን። ዛሬ ግን በዕድል አልሄድም።

ባለቤቴ ከስፌት መኪናው ተነስቶ ይመጣል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ የዳዶ መፍቻው እጁ ላይ።

«ቆይ ሲስተር፣ ላጥብቅልሽ።» ሲስተር የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው።

«እሺ አባ ጥብቅ፣ አጥብቅ። እኔ ልይህ።»

መርገጫውን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ዳዶ አለው። ባለቤቴ ከፊት ተንበርክኮ የፊቱን ወደ ቀኝ ያዞራል። ዞሮ ይሄድና ከኋላ ተንበርክኮ የኋላውንም ወደ ቀኝ ያዞራል። ጥንቃቄው የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋ ነው የሚመስለው። እኔ ጣቴን ዳዶውና ዘንጉ የሚገናኙበት ላይ አሳርፌያለሁ። ጣቴ የሕፃን ጭንቅላት በሆድ ላይ ሆኖ የሚያገኝ ጣት ነው፣ አምነዋለሁ።

«ቁም። እየራቀ ነው።»

«ምኑ?»

«ዳዶው። ስጠኝ እስቲ።»

መፍቻውን ተቀብዬ ወደ ግራ አዞራለሁ። ነከሰ። ጨመር ሳደርግ ድርቅ አለ። መርገጫውን ብነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። ለካ የኋላው ጫፍ ጥርሱ ተገልብጦ የተቆረጠ ነው፤ ሌላው ዳዶ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲጠብቅ እሱ ወደ ግራ ነው። በላላ ቁጥር እግሬ የረገጠው ማርሹ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ባለቤቴ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ይላል። «እና በየቀኑ የማላላው እኔ ነኛ?»

«አንተ ነህ።»

«የትናንቱም?»

ልዋሸው እችላለሁ። «የትናንቱም።»

መዳፉን ገልብጦ ያያል። «እጄ አመድ አፋሽ ነው።»

አንጀቴን በላው። ስንቱ ወንድ ሚስቱ ሞተር ስትነዳ ያፍራል፤ ይህ ሰው ከወፍ ቀድሞ ተነስቶ ዳዶ ያጠብቃል። እወደዋለሁ። ምጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

«አመዱን በኋላ ታራግፋለህ። አሁን ምከረኝ፤ እንደገና ቢላላ ሳልነካው እንዴት አውቃለሁ?»

ሜትሩን እያሻሸ ያስባል። ወዲያው ፊቱ ይፈታል። «እጅጌ ከትከሻ ስገጥም ሁለቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱ ካልገጠመ እጅጌው ዞሯል ማለት ነው።»

«ጠመኔ በአንድ ዝናብ ይሄዳል።»

«የጥፍር ቀለምሽ አይሄድማ።»

ለሥራው ስል መቀባት ከተውኩ ቆይቷል። ብልቃጡን ከመስኮቱ ሥር ፈልጎ ያመጣል። ቀለሙ ወፍሯል፣ ግን አልደረቀም። ክር በመርፌ ቀዳዳ በሚያስገባ እጁ ከዳዶው ተነስቶ ዘንጉ ላይ የሚያልቅ ቀጭን ቀይ መስመር ይስባል። የፊቱንም ይደግማል።

«ቀጥ ብሎ ካየኸው አትንካው» እለዋለሁ። «ከተዛነፈ ደግሞ...»

«የኋላው ወደ ግራ።»

«ጎበዝ።»

ቦርሳዬን አንግቤ አስነሳለሁ። ፍሪሲዮን ይዤ አንደኛን እረግጣለሁ። ቀጭ። ወደ ሁለተኛ አነሳለሁ፣ ወደ አንደኛ እመልሳለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። ዳገቱን አውቀዋለሁ፣ ሞተሬንም አሁን አውቃታለሁ። ዛሬ ከሕፃኑ የምቀድመው እኔ ነኝ።

ልለቅ ስል ባለቤቴ «አንዴ ቆይ» ይለኛል። ልቡ አላምን ብሎት ሊያጠብቅ ነው ብዬ ልቆጣ አፌን ከፍቻለሁ።

ማርሹ አጠገብ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል፤ ሁለት እጁን ከኋላው አጥብቆ አጣምሮ።