የሻወራችን ታንክ

ዉርርር የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብነሳ አጎቴ ጋሽ ወንድይራድ ሳሎን ቆሞ የኮርኒሱን ማራገቢያ ሽቅብ ያያል። ማራገቢያው ድሮ፣ ሰው ሰማይ ላይ እንዳይወጣ ሳይከለከል፣ ፕሮፔለር ነበር። በጓሯችን ለሚሠራት ትንሽ አውሮፕላን ራሱ ከዋንዛ ጠርቦት፣ እኔ ፍቅፋቂውን ኪሴ ውስጥ ይዤ እተኛ ነበር። አሁን ሰማይ ላይ የተገኘ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። አውሮፕላኗንም ነገ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ያፈርሷታል።

«ጋሼ፣ ፕሮፔለሩን ለምን ነበር ሰፊ ያደረግከው?» አልኩት። መልሱን ባውቀውም ሲያወራው ደስ ይለኛል።

«የቢሾፍቱ አየር ስስ ነዋ! ቀጭን ብትገጥምለት ምኑን ይጨብጣል? የናዝሬቱ ወዳጄ ቀጭን ገጥሞ መነሳት አቅቶት እንደ ዶሮ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ ዋለ።»

ሳቅን።

«የቤንዚን ታንኩስ የት ነበር?»

«ከክንፉ በላይ። ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል።»

ያ ታንክ ዛሬ ጣሪያችን ላይ ሆኖ የሻወር ውሃ ያወርድልናል። ልታጠብ ገብቼ ቧንቧውን ብከፍት ጠብ የሚል ነገር የለም። ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ። ታንኩ የለም።

ሮጬ ስመለስ ድምፁ ቆሟል፤ ከኮርኒሱ ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ፕሮፔለሩን ተሸክሞ በሩ ላይ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

ጉንጬን ነካ አድርጎኝ ወደ ጓሮ ወጣ።