ውሃ የነካው ብቻ

በጣና የሸራ ጀልባ ውድድር ከስምንት ክንድ የረዘመ ጀልባ አይገባም፤ ረጅም ይፈጥናላ። የሚለካው ግን ውሃ የነካው ብቻ ነው።

ጀልባ ሠሪው ቢያድግልኝ አፍንጫውም ጅራቱም አየር ላይ የተንጠለጠለ ጀልባ ይዞ መጣ። ሰው ሳቀ። ዳኛው አቶ ሙሉሰው ጀልባው ውሃው ላይ ቆሞ ሳለ ለክተው አሳለፉት። ንፋሱ ሸራውን ሲገፋው ጀልባው ጋደል አለና አፍንጫና ጅራቱ ውሃ ገቡ። ውሃ የነካው ረዘመ፤ ሁሉንም ጥሎ ሄደ።

«አታለልከን!» አሉ ዳኛው።

«ደንቡ ፈቅዶልኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ማንም የማያታልለው ደንብ አንተው ጻፍልን።»

አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ዳኛው ቤቱ ድረስ መጥተው አነበቡት፤ ደስ ብሏቸው ፈረሙበት።

«ለዚህ የሚስማማ ጀልባ መሥራት ዓመት ይፈጃል» አሉ።

«ለሌሎቹ አዎ» አለ ቢያድግልኝ፤ ጓሮው ወስዶም በደንቡ ልክ የሠራውን አዲስ ጀልባ ሽፋን ገፈፈላቸው። ቀለሙ ሳይቀር ደርቋል።