የኢርመሊንዳ ቤት

የጨጓራና የቦሎቄው ወጥ ሦስት ጊዜ ሞቀ። የፖርቱጋሏ ፖርቶ ከተማ ሰው እንግዳን ጨጓራ ሳያበላ አይሸኝም፤ አስጎብኚው የኢርመሊንዳ ባልም ብራዚላውያን ጎብኚዎችን ከተማውን አሳይቶ ለምሳ እቤት ሊያመጣቸው ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን መንገድ ይጠፋበት ጀምሮ ነበርና ጭልፋዋን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እትዬ ኢርመሊንዳ፣ ሽማግሌሽ እንግዶቹን በዚህች አቀበት ሦስቴ አዞራቸው! የሚያበላቸው አቧራ ነው እንዴ?» አለች። ኢርመሊንዳ ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻ ባሏ ቢጫ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ፣ እንግዶቹን አስከትሎ መጣ። እፎይ ልትል ስትል ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳት።

«እመቤቴ፣ የኢርመሊንዳን ቤት ያውቁታል? ባለቤቴ ናት። ቆየሁባት፤ ትቆጣኛለች።»

እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። ኢርመሊንዳ ጭልፋዋን ዝቅ አደረገች።

«ቤቷ ይኸው ነው፤ ይግቡ ጌታዬ» አለችና ከበሩ ዘወር አለችለት። «አሁን ትመጣለች።»