ፀሐይዋን ሳይጨምር

ፎቆቹ ሰማዩን ከሸፈኑት ወዲህ ፀሐይ ከቤት ተነጥላ ለብቻዋ ትሸጣለች። ፀሐይ ያልገዛ ሰው መስኮቱ በሕግ ይዘጋል፤ ቤት ለማየት ለመጣ ገዢ ግን ይከፈትለታል።

ደላላው ጋሽ ቀጸላ ዛሬ ሦስተኛውን ቤት አሳዩኝ። የመጀመሪያው ኩሽናው ሰፊ ነው፤ ሁለተኛው ለገበያ ቅርብ ነው፤ የዚህኛውን ወለል ግን የጠዋት ፀሐይ ሞልታዋለች። ወዲያው ልጄን ትንቢትን ገላልጬ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ፀሐይዋ ላይ አስተኛኋት። ፀሐይ በማጣት እግሮቿ እንደ ቀስት ጎብጠዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ቤት ልትገዢ ነው ወይስ ልጅ ልታሞቂ የመጣሽው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ጫማ ሳይለኩ ነው እንዴ የሚገዙት?»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ነቅቼብሻለሁ። በዚህ ሰፈር ያላስከፈትሽው መስኮት የለም። ቤቱን እንጂ ፀሐይዋን አቅምሽ አይችልም። ዛሬ ካልመረጥሽ፣ ከእንግዲህ የትኛውም ደላላ አያስገባሽም።»

ትንቢትን በሆዷ ገልብጬ አስተኛኋት። ቤት የግድ ያስፈልገኛል፤ ሦስቱንም ግን የምረከባቸው መስኮታቸው ተዘግቶ ነው።

«የመጀመሪያውን እወስዳለሁ» አልኳቸው። «ብቻ መስኮቱን አሁን አይዝጉት፤ ጀርባዋ ገና አልሞቀም።»